የንባብ ቤቱ ወለል

ጋሽ ወልደዮሐንስ ሰኞ ጠዋት ሞተው ሲገኙ እግራቸው ላይ ጫማ ነበር። ሚስራ ከሁሉ አስቀድማ ያየችው ይህንኑ ነው። ደሙን ሳታይ፣ በላያቸው የተደፋውን የመጽሐፍ መደርደሪያ ሳታይ፣ ክሩ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረውን ጥቁር ጫማቸውን አየች።

«ጋሼ! በጫማ?» ብላ ጮኸች። እሪታዋ የለቅሶ እሪታ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

የዲላ ሰው ያንን ቤት «ንባብ ቤቱ» ይለዋል። በ1954 ዓ.ም. ነጋዴው ድንጋይ ተሸክሞ፣ መምህሩ የራሱን መጻሕፍት ሰጥቶ፣ ገበሬው ከወናጎ የዝግባ ጣውላ በትከሻው አምጥቶ ያቆመው የሕዝብ ቤት ነው። ተማሪው ለማትሪክ ያጠናበታል። እድሩ ይሰበሰብበታል። ሽማግሌዎች በረንዳው ላይ የተኳረፉ ባልና ሚስት ያስታርቁበታል፣ ማመልከቻ መጻፍ ያቃተው የመጽሐፍ ጠባቂውን ጋሽ ወልደዮሐንስን ያስጽፋል፣ የሕፃናት ክትባት የመጣ እንደሆነም ሰልፉ እዚያው ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር። ዲላ ዝናብና ቀይ ጭቃ የማያጣት ከተማ ናትና ጫማ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ሥር ይወልቃል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው በካልሲ ወይም በባዶ እግር ነው። መንገደኛው እንኳ አግዳሚው ሥር ያለውን ጫማ በዓይኑ ቆጥሮ መቀመጫ መኖር አለመኖሩን ያውቃል። በደርግ ጊዜ አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር በቦት ጫማ እገባለሁ ቢል ጋሽ ወልደዮሐንስ በሩን በደረታቸው ዘግተው ቆሙ። ሊቀመንበሩ አወለቀ። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ወለል በሰም ሲያሹ የኖሩ ሰው፣ ቤቱ በሚዘጋበት በእሑድ ቀን ጫማቸውን እንዳሰሩ ገብተው መደርደሪያ ተጫናቸው ቢባል ማን ያምናል?

የከተማው ፖሊስ አዛዥ፣ ኮማንደሩ፣ አመነ።

ኢንስፔክተር ባልቻ ሲደርስ ሚስራ የወለል መወልወያዋን እንጨት እንደ ጦር ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ቤቱን ስታጸዳና መጽሐፍ ስትደረድር የኖረች ስለሆነች ባልቻን ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ታውቀዋለች።

«ጫማህን!» አለችው እንባዋ እየወረደ።

ባልቻ ጎንበስ ብሎ ፈታ። ከኋላው ሳጅን የትምወርቅ ፈታች። ኮማንደሩም እያጉረመረመ አወለቀ። አውራ ጣቱ በካልሲው ቀዳዳ ብቅ አለ፤ የሳቀ ግን አልነበረም።

ጋሽ ወልደዮሐንስ ከኋላ ባለው ክፍል በጀርባቸው ተንጋለዋል። ከባዱ የታሪክ መጻሕፍት መደርደሪያ ደረታቸው ላይ ወድቋል፣ መጻሕፍቱም በዙሪያቸው ተበትነዋል። ባልቻ ተንበረከከ። የጫማቸው ሶል በቀይ ጭቃ ተለስኗል፤ ከበሩ እስከ እሳቸው ድረስ ያለው ጣውላ ግን ያብረቀርቃል። በሚስራ እጅ ያየው መወልወያ ትዝ አለውና ደሙ ፈላ። እንደ ልማዷ ከፊት ክፍል ጀምራ እየወለወለች መጥታ ነው ያገኘቻቸው፣ ዱካው ሁሉ በውሃ ሄደ፣ አለ በልቡ። ሴትየዋ ደግሞ ልትጠየቅ በማትችልበት ሁኔታ ታለቅሳለች። አልጠየቃትም። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ «ወለሉ ከምርመራ በፊት ተወልውሏል» ብሎ ጻፈ። ይህች አንድ መስመር ሁለት ቀኑን በላችበት።

«ተሸክሞ ነው ያስገባቸው፣ ማንም ይሁን ማን» አላት የትምወርቅን በሹክሹክታ። «በእግራቸው ቢገቡ ኖሮ ያወልቁ ነበር።»

«ነግሬ ነበር! ስንት ጊዜ ነገርኩ!» የሚል ድምፅ ከበረንዳው ተሰማ።

ኢንጂነር ጉግሳ ነው። የባልቻ የልጅነት ጓደኛ ነው። አሁን የራሱ የግንባታ ማማከር ሥራ አለው፤ የንባብ ቤቱ ማኅበርም የሕንፃውን ጤንነት እንዲመረምር ቀጥሮት ነበር። የሚያብለጨልጭ ጥቁር ጫማውን አውልቆ ገባ፣ አስከሬኑን ሲያይ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«መሠረቱ ሰምጧል ብዬ ነበር። ወለሉ ሲያዘነብል መደርደሪያው ተከተለ። ቤቱ ነው የገደላቸው፣ ባልቻ። ቤቱ!»

«ትላንት የት ነበርክ?»

«ገደብ። የቡና መጋዘን እያሠራሁ አይደል? እዚያው አድሬ ዛሬ በመጀመሪያው ሚኒባስ ገባሁ። ምነው እዚህ በሆንኩ!»

ባልቻ አቀፈው። በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ለማትሪክ ሲዘጋጁ ለሁለት አንድ የሂሳብ መጽሐፍ ነበራቸው፤ ጋሽ ወልደዮሐንስ መሃላቸው ቁጭ ብለው ገጽ ይገልጡላቸው ነበር። የአንዱ አባት በኢዲዶ የሰው ቡና ለቃሚ ነበር፣ የሌላው የቢሮ ተላላኪ። ሁለቱንም ሰው ያደረገ ያ ቤት ነው።

ኮማንደሩ ባልቻን ክንዱን ይዞ ወደ በረንዳው አወጣው።

«ስማኝ። ሐሙስ ጠዋት የማኅበሩ ስብሰባ አለ። ሆቴል የሚሠራ ባለሀብት ቦታውን ጠይቋል። ቤቱ ለሰው ሕይወት ያሰጋል ከተባለ ይፈርሳል፣ ካልተባለ ይቆማል። የኛን ወረቀት ነው የሚጠብቁት። አሮጌ ቤት፣ አሮጌ መደርደሪያ፣ አሮጌ ሰው። አደጋ ነው ብለህ እስከ ረቡዕ ማታ ፈርመህ አምጣ።»

«ሰው ገድሏቸው ከሆነስ?»

«የመጽሐፍ ጠባቂ ማን ይገድላል?»

«ቤት ከገደለ ሰውም ይገድላል፣ ጌታዬ» አለ ባልቻ፤ ጌታዬ ያለው ግን ለስሙ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ሰው በሠራው ወንጀል ቤት ሊፈርስ፣ የአንድ ወረቀት ፊርማ ብቻ ቀርቷል።

ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ሄደ። አስከሬኑን የመረመረችው ዶክተር ኤልቤቴል ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት፤ ቃሏን አታንዛዛም።

«ሁለት ጉዳት አለ። የኋላ ጭንቅላታቸው ድንጋይ ላይ ነው ያረፈው። ቁስሉ ውስጥ ነጭ ኖራ አግኝቻለሁ። ደረታቸው በመደርደሪያው ነው የተሰበረው።»

«የቱ ቀደመ?»

«ጭንቅላቱ።» ወንበር ሳበችለት። «ኢንስፔክተር፣ ይቀመጡ እስቲ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ደረታቸው ላይ ደም ቋጥሯል። የሞተ ሰው ደም አይቋጥርም። መደርደሪያው ሲወድቅባቸው በሕይወት ነበሩ። የጭንቅላቱ ጉዳት ብቻውን አይገድላቸውም ነበር። ያን ሰዓት ባጃጅ ጠርቶ ያመጣቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ እዚያ አልጋ ላይ ሆነው ይቆጡን ነበር።»

ባልቻ ተቀመጠ። ሳያስበው ነው የተቀመጠው። አንድ ሰው እኚያን ሽማግሌ ገና እየተነፈሱ ተሸክሞ፣ አጋድሞ፣ የታሪክ መጻሕፍት ደፍቶባቸው ሄዷል ማለት ነው!

ዲላ ውስጥ በኖራ የሚያያዝ ድንጋይ ያለው የድሮ ቤት ላይ ነው። ባልቻ የትምወርቅን አስከትሎ ወደ ንባብ ቤቱ ጓሮ ዞረ። ከኋለኛው ግድግዳ ሥር ወገብ የሚያህል ጉድጓድ አለ፣ የእሑዱ ዝናብ ሞልቶታል። ዳር ዳሩን ከመሠረቱ የወጡ ሦስት ትልልቅ ድንጋዮች ተጋድመዋል፤ ኖራቸው ገና ነጭ ነው።

«ይህን ማን ቆፈረው?» አለች የትምወርቅ።

«ጉግሳ። መሠረቱን ለማየት፣ በማኅበሩ ፈቃድ። ግን አጥር የለውም፣ ማንም ሊመጣ ይችላል። ጋሼ የወደቁት እዚህ ነው። አሁን የሚጠላቸውን ሰው ንገሪኝ።»

የሚጠላቸውን ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ያገኙት ሁሉ የጠራላቸው አንድ ስም ነው፦ ሐጂ ሙሐመድኑር። የማኅበሩ ሊቀመንበርና የቆርቆሮ ነጋዴ ነው። ቅዳሜ በሰው ፊት ከጋሽ ወልደዮሐንስ ጋር ተጨቃጭቆ ጠረጴዛ መትቶ ወጥቷል።

ሐጂ ሙሐመድኑር ሱቁ ውስጥ ከቆርቆሮ ክምር ጎን ተቀምጦ ተቀበላቸው። ዓይኑ ቀልቷል።

«አዎ፣ ቤቱ ይሸጥ አልኩ። ሊወድቅ ነው ተባልን፣ ልጆች ሳይሞቱበት ይሸጥ አልኩ። እሳቸው ደግሞ ‹አባትህ የተሸከመውን ድንጋይ ነው የምትሸጠው› አሉኝ። በሰው ፊት!»

«እሑድ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ወናጎ፣ ለቅሶ ቤት።»

«ማን ሞቶ?»

ሐጂ ስም ጠራ። ባልቻም ጻፈ። የትምወርቅ ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ይዛ ወናጎ ወረደች፣ አመሻሽ ላይ ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች።

«ለቅሶው እውነት ነው። ሐጂን ግን ያየው የለም። ድንኳኑ ውስጥም፣ ቀብሩ ላይም።»

ባልቻ ረቡዕ ገና በሁለት ሰዓት ሐጂን ጣቢያ አስጠራው። እንደ ልጅነቱ ቢሆን እጁን ይስመው ነበር፤ ዛሬ ወንበር እንኳ አልሳበለትም።

«ዋሹኝ።»

«ዋሸሁ» አለ ሐጂ።

«ጋሼ ሲሞቱ የት ነበሩ?»

ሽማግሌው ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ይርጋጨፌ። ቡና ነጋዴዎቹን ቤት ለቤት ስለምን ነበር። ቤቱን እናድሰው፣ እርዱን ብዬ። የሳቸው ቃል ሌሊቱን አላስተኛኝ አለ። ማንም እጁን አልዘረጋልኝም። ቅዳሜ ይሸጥ ብሎ ጠረጴዛ የመታ ሰውዬ፣ እሑድ ይታደስ ብሎ ለምኖ ባዶ እጁን ተመለሰ ይበሉኝ? ሰኞ ጠዋት ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሄድ የሚስራን ጩኸት ሰማሁ። የሦስት ሰዎች ስም እሰጥሃለሁ፣ ደውልላቸው።»

የትምወርቅ ደወለች። ሦስቱም አረጋገጡ፤ አንዱ እንዲያውም በሐጂ ልመና ሊያሾፍ ሞከረ።

«ይህን ማክሰኞ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» ባልቻ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። «ወናጎ ድረስ ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ዋልን!»

«ክብሬን ፈራሁ፣ ልጄ።»

«ክብርዎ ከጋሼ ሬሳ በለጠብዎት!»

ሐጂ አንገቱን ደፋ። ባልቻ የተናገረው ቃል ወዲያው ቆጨው፣ ይቅርታ ግን አልጠየቀም።

አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ፊርማው የሚፈለገው ማታ ነው። ባልቻ የሚይዘው ነገር አጥቶ እንደገና ወደ ንባብ ቤቱ ሄደ። በረንዳው ላይ ተማሪዎች ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሚያዝያ ነው፣ ማትሪኩ አንድ ወር አልቀረውም፣ በሩ ደግሞ በፖሊስ ታሽጓል። አንዷ ተማሪ ቀና ብላ «ኢንስፔክተር፣ መቼ ነው የሚከፈተው?» አለችው። እሱ ግን በሩ አጠገብ ወደተቀመጠችው ሚስራ ዞሮ ንዴቱን አወረደባት።

«አንቺ ባትወለውዪ ኖሮ እስካሁን እይዘው ነበር!»

«ምኑን ነው የወለወልኩት?»

«ወለሉን! ሰኞ ጠዋት! ዱካውን አጥበሽ አጠፋሽብኝ!»

ሚስራ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች፤ እንዲህ ስታደርግ የሚያውቃት ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል።

«እኔ ውሃ እንኳን አልቀዳሁም! በሩ ሳይቆለፍ አገኘሁት፣ ገፋሁ፣ ጋሼን አየሁ፣ ጮኽኩ። መወልወያውን ያነሣሁት አንተና ያ አለቃህ በጭቃ እንዳትገቡ ብዬ ነው። ማነው ወለወለች ያለህ?»

«ታዲያ ጭቃው የት ሄደ?»

«ጭቃ አልነበረማ! ቅዳሜ ማታ እንደተውኩት ነው ያገኘሁት። ለምን አልጠየቅከኝም?»

ባልቻ አግዳሚው ላይ ዘጭ አለ። የራሱን ማስታወሻ ገልጦ ያችን አንድ መስመር አነበባት። የጻፈው ያየውን አልነበረም፣ የመሰለውን ነው። ሃያ ዓመት የፖሊስ ልብስ ለብሶ፣ እንደ ጀማሪ!

እሑድ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ዝናቡ አላባራም። ሰውየው ከዚያ የጭቃ ጉድጓድ ሽማግሌ ተሸክሞ፣ በረንዳውን ተሻግሮ፣ ሁለት ክፍል አልፎ ገብቷል፤ ጣውላው ላይ ግን አንድ ጠብታ ጭቃ የለም። ይህ የሚሆነው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። እየሞተ ያለ ሰው በእቅፉ ይዞ በረንዳው ላይ ቆሟል፣ ጫማውን አውልቋል፣ ከዚያ ገብቷል። ሌባ እንዲህ አያደርግም። ቅጥረኛም አያደርግም፣ የመጣበትን ሠርቶ በጭቃው ይሄዳል እንጂ። እግሩ ሳያስበው የሚያወልቅ የዚህ ቤት ልጅ ብቻ ነው። የጋሼን ጫማ ለምን ተወው ቢባል፣ በዚያ በር ሰው የራሱን ያወልቃል እንጂ የሌላ ሰው ጫማ አውልቆ አያውቅም። ትዝ አላለውም።

«የትምወርቅ!» አለ ባልቻ ድንገት ተነሥቶ። «እሑድ ሰው ያየ አለ ወይ ብለን ነው የጠየቅነው፣ አይደል?»

«አዎ። ማንም አላየም።»

«ጫማ ያየ አለ ወይ ብለን አልጠየቅንም።»

ከንባብ ቤቱ ፊት ለፊት ሀዲጃ በላስቲክ ዳስ ሥር አቮካዶና ሙዝ ትሸጣለች፤ በዓልም ዝናብም ከዚያ አያነሣትም። ሁለቱ ፖሊሶች መንገዱን ተሻግረው ሲመጡባት ሚዛኗን አስቀመጠች።

«ሀዲጃ፣ እሑድ ሰው አይተሻል?»

«ለሷ ነገርኳት እኮ። አላየሁም።»

«ጫማስ?»

«ጫማማ አየሁ።»

የትምወርቅ ትዕግሥቷ አለቀ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስለ ሰው ጠየቅሽኝ፣ ስለ ሰው መለስኩልሽ! ወላሂ ሰው አላየሁም። ዝናቡ እንደዚያ ሲወርድ ከላስቲኬ ሥር ምን አያለሁ? አግዳሚው ግን ከዚህ ይታያል። አንድ ጫማ ነበር። ይኼ ቢጫው፣ የሥራ ቦት። እስከ አንገቱ ጭቃ። እሑድ እንኳ ጋሼን አያሳርፏቸውም ብዬ ተናደድኩ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ የአስር ሶላት አዛን ሊል ሲል። አዛኑ ብሎ ቀና ስል ጫማው የለም።»

ባልቻ አመስግኗት ዞረ፣ ሁለት እርምጃም ሳይሄድ ቆመ። ከዚያ ቤት ልጆች መካከል ቢጫ የሥራ ቦት የሚያደርገው አንድ ሰው ነው። ያው ሰው ሰኞ ጠዋት ከገደብ የግንባታ ቦታ በቀጥታ መጣሁ ብሎ፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ መሃል የሚያብለጨልጭ ጥቁር ጫማ አውልቆ ነበር የገባው። ባልቻ ይህን በዓይኑ አይቷል። አይቶ አቅፎታል!

ወደ ገደብ የተደወለው ስልክ ሦስት ጊዜ ተቋርጦ በአራተኛው ተገኘ። የመጋዘኑ ሠራተኞች ኃላፊ ጫላ ይባላል።

«ኢንጂነር እሑድ እዚያ አድሮ ነበር?»

«ኧረ የለም! ኢንጂነር እሑድ አራት ሰዓት ላይ ቦቱን እንዳደረገ ሄደ። ዝናብ ሳይዘኝ ዲላ ልግባ አለ።»

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። ያ ቤት እናት ከሆነ እውነት ነው።

ጉግሳ ቢሮው ውስጥ ለሐሙሱ ስብሰባ ሪፖርቱን እየጨረሰ ነበር። ባልቻ ሲገባ ፈገግ ብሎ ወንበር አሳየው። ባልቻ ተቀመጠ። የትምወርቅ በሩ ላይ ቆመች።

«ቢጫው ቦትህ የት አለ?»

ፈገግታው ሳይጠፋ ደረቀ። «ገደብ ነው። ሥራ ላይ።»

«ጫላ ቦቱን አድርጎ ሄደ አለኝ። እሑድ አራት ሰዓት።»

ባልቻ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሪፖርት ገልብጦ የመጀመሪያውን ገጽ አየ። ለሕይወት አስጊ፣ ይላል በትልቁ።

«ጉግሳ፣ መሠረቱ ሰምጧል?»

«አልሰመጠም» አለ ጉግሳ መስኮቱን እያየ። «አለት ነው። አርባ ሰባት ዓመት ቆሞ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለውም። ሰውየው የሆቴሉን ግንባታ በሙሉ ለኔ ሊሰጠኝ ነው፣ የጎደለው ሪፖርቱ ብቻ ነው። ሦስት አራት ድንጋይ ከሥሩ ባወጣ ግድግዳው ይሰነጠቃል ብዬ...»

«ጋሼ መጡብህ።»

«ዝናቡ አላባራ ቢላቸው ከቤተ ክርስቲያን በዝናብ ሲመለሱ የድጅኖውን ድምፅ ሰሙ። ‹ጉግሳ፣ ምን እያደረግህ ነው?› አሉኝ። ድጅኖውን ያዙብኝ። ልቀቁኝ ብዬ ገፋኋቸው። ገፋኋቸው እንጂ አልመታኋቸውም፣ ባልቻ! ጭቃው አዳጣቸው። ሞቱ። ከሞቱ ወዲያ ምን ላድርግ? ቁልፉን ከኪሳቸው አወጣሁ፣ በኋላም መልሼ...»

«አልሞቱም።»

ጉግሳ ቀና አለ።

«መደርደሪያውን ስትጥልባቸው በሕይወት ነበሩ። ዶክተሯ ጽፋለች። ጭንቅላታቸው አይገድላቸውም ነበር። የገደልካቸው ውስጥ ነው።»

«ትንፋሽ አልነበራቸውም! አልሰማሁም!»

«አላዳመጥክም! እቅፍህ ውስጥ ነበሩ፣ አላዳመጥክም!»

ባልቻ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ታገለ።

«አንድ ነገር ንገረኝ። እሳቸውን ተሸክመህ በረንዳው ላይ ስትደርስ ጫማህን ለምን አወለቅህ?»

ጉግሳ ግራ ተጋብቶ አየው። ጥያቄውን አልጠበቀውም፤ እንዲያውም ማውለቁን ራሱ አሁን ገና ያስታወሰ ይመስል ነበር።

«ጋሼ እንዳይቆጡኝ» አለ።

ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። ባልቻ መነሣቱን ያወቀው የጉግሳን የሸሚዝ አንገት ጨምድዶ ሲያገኘው ነው። «ለጣውላው አዘንክለት! ለጣውላው! ያቺን ደቂቃ ጆሮህን ደረታቸው ላይ ብታደርግ ምን ነበረ?» ጡጫውን ሲያነሣ የትምወርቅ ከኋላ ክንዱን ያዘች። ባልቻ ለቀቀው። ካቴናውን ያሰረችው እሷ ናት።

ማታ ባልቻ በኮማንደሩ ቢሮ ያስቀመጠው ወረቀት የተጠበቀው አልነበረም። ኮማንደሩ አንብቦ ጨረሰና «ባለሀብቱ ምን ይለኛል?» አለ። ባልቻ ሳይሰናበተው ወጣ። ሐሙስ ማኅበሩ ተሰብስቦ ቤቱ አይፈርስም ብሎ ወሰነ። ሐጂ ሙሐመድኑር ከስብሰባው በቀጥታ ግንበኛ ይዞ ወደ ጓሮው ዞረ፣ ሦስቱም ድንጋዮች ቦታቸው እስኪገቡ ድረስ ካቦርቱን አውልቆ ውሃ ሲያመላልስ ዋለ። ዓርብ በሩ ተከፈተና ተማሪዎቹ ገቡ።

ባልቻ ግን ንዴቱ አልበረደለትም። ገዳዩ ሲያዝ ይበርዳል ብሎ ነበር የገመተው። ሚስቱ ምግብ ስታቀርብ ይቆጣል፣ ሰው ሰላም ሲለው ይቆጣል። ጉግሳ ከቢሮው ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ማረፊያ ቤት ታስሯል፤ ባልቻ በዚያ በኩል ላለማለፍ ግቢውን ይዞራል።

በሳምንቱ ሚስራ በነጠላዋ ሥር አንድ ወፍራም መጽሐፍ ደብቃ ቢሮው መጣች።

«ጉግሳ ሰው ልኮብኝ ነው። የማነበው ላኪልኝ ይላል።»

«አይሰጠውም!»

«ቤቱ የሕዝብ ነው።»

«እሱ ሕዝብ አይደለም!»

«ጋሼ ቢኖሩ ይሰጡት ነበር።»

«ጋሼማ ስለሰጡት ነው የሞቱት!» ባልቻ ጮኸ። ኮሪደሩ ላይ የነበሩ ፖሊሶች ዞር ዞር አሉ። «ቤቱን ሰጡት፣ ልባቸውን ሰጡት፣ ምን አደረገበት? ባጎረሱ እጃቸውን ተነከሱ! አሁን ደግሞ መጽሐፍ?»

ሚስራ አልተቆጣችም። ድካም ብቻ ነው ፊቷ ላይ የነበረው።

«እኔም ላንቀው ነው የምፈልገው፣ ባልቻ። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያ በር ላይ አንድ ሰው ሲከለከል አላየሁም። ሌባ አንብቧል፣ ሰካራም አንብቧል። ዛሬ እኔ ‹አታንብብ› ካልኩት ቤቱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። አንተ ‹አታንብብ› ካልከው ግን ጥፋቱ ያንተ ነው፤ ይኸው።» መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለት ሄደች።

ባልቻ መጽሐፉን እንደ ጠላት ሲያየው ቆየ። ወረቀት አገላበጠ፣ ስልክ አነሣ፣ መልሶ ዘጋው። ከዚያ መጽሐፉን መንጭቆ ተነሣና ግቢውን ሳይዞር በቀጥታ ሄደ። ጠባቂው በሩን ከፈተለት።

ጉግሳ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጦ ነበር። የመጣው ባልቻ መሆኑን ሲያይ ግድግዳውን ተደግፎ ለመነሣት ሞከረ። ባልቻ ሰላም አላለውም። መጽሐፉን ዘረጋለት።

«አሥራ አምስት ቀን ነው። ከዚያ ትመልሳለህ።»

ጉግሳ በሁለት እጁ ተቀበለ። ሽፋኑን ገለጠ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የንባብ ቤቱን ማኅተምና የጋሽ ወልደዮሐንስን ፊርማ አየ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ጎንበስ አለ።

«አታልቅስበት» አለው ባልቻ። «ገጹ ይበላሻል።»